ሕግ በሐመሩ ሐ

መጋቢት 6 ቀን 1954 ዓ.ም. በወረታ አቅራቢያ በነበረ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አማርኛ፣ ግብረ ገብና ታሪክ ያስተምሩ የነበሩት መሪጌታ ሞላልኝ ሦስት መስመር ደብዳቤ ተሰጥቷቸው ከሥራ ተሰናበቱ። ደብዳቤው «ከሕዝብ የቀረበው አቤቱታ ተመርምሮ እውነት ሆኖ ስለተገኘ» ይላል። ስንብቱ በጥፋት ነው። ማኅተም አለው፤ ፊርማ አለው፤ የፈራሚው ስም የለውም። «ሕዝብ» የተባለው አንድ ሰው ነበር። «ተመርምሮ» የተባለውን ምርመራ ያየ ወይም የሰማ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ደብዳቤውን ያወጣውን ጽሕፈት ቤት ስም አልጽፍም። ራሱን ያውቃል።

መሪጌታ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ አንበሳሜ ላይ አረፉ። ወሬውን የሰማሁት ከተቀበሩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። የነገረኝ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ያ አቤቱታ ጻፊ ሞተ» አለኝ። መምህሩ አላለም። ሰውየው የሚያውቀውን ስም ተናገረ፤ ከማስተማር አስወጥቶ ያን ስም የሰጣቸው ግን ከላይ የጠቀስሁት ደብዳቤ ነው። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሕግ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከተማርሁት ሁሉ ሲጣራ የሚቀረው እርሳቸው ያስተማሩኝ ስለሆነ፣ ምን እንዳስተማሩኝ በጽሑፍ ማኖር ግዴታዬ ነው።

ረጅም ሰው ነበሩ። ጉልበታቸው ግን ቀድሟቸው አርጅቶ ስለነበር፣ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርደው ሳምንት ይነከራሉ። ጠመኔያቸውን በእራፊ ጨርቅ ጠቅልለው በጥምጥማቸው እጥፋት ውስጥ ያኖሩታል፤ ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ነገር ሲኖር እጃቸው ወደ ራሳቸው ይሄዳል፤ ሰው ሲያያቸው አሳባቸውን ከራሳቸው መዝዘው የሚያወጡ ይመስላሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ልጅ ሲያጠፋ አይቆጡም፤ «ድገመው» ይላሉ። ሁለተኛ ሲያጠፋ «አሁንም ድገመው» ይላሉ። ከዚያ ጅራፍ የሚሻለው ልጅ ብዙ ነበር።

የነገሥታትን ስም በክፍል ውስጥ አይጠሩም። «ስሙን ከመጽሐፉ ታገኙታላችሁ፤ እኔ የማስተምራችሁ ማዞሪያውን ነው» ይሉ ነበር። ማዞሪያ የሚሉት ገበሬ አንዱን ትልም ጨርሶ በሬዎቹን የሚያዞርበትን የማሳ ጫፍ ነው።

«በሬ በማሳ መካከል አይዞርም» አሉን በመጀመሪያው ቀን። «ጫፍ ደርሶ ነው የሚዞር። ሲዞርም ገበሬው እርፉን ብድግ ያደርጋል። ብድግ ካላደረገው ማረሻው ድንጋይ ነክሶ ይሰበራል። ሀገርም እንዲሁ ነው። በማዞሪያው ላይ እርፉን ማን ብድግ አደረገ? ማንስ አላደረገም? ታሪክ ማለት ይህን መጠየቅ ነው።»

ካሴ የሚባል የክፍላችን ልጅ እጁን አወጣ። «የኔታ፣ የኛ የፎገራ ሜዳ እኮ ድንጋይ የለውም።»

«አለው፤ ከታች ነው። ያላረሰ አያውቀውም።»

«እኔ አርሻለሁ።»

«እንግዲያ ጠለቅ አድርገህ አላረስህም» አሉት፤ ክፍሉ ሳቀ፤ ካሴም አብሮ ሳቀ።

በዚህ መንገድ አስተማሩን። ከጎንደር ዘመን ቀደም ብሎ ሃይማኖቱን ለውጦ ሕዝቡም እንዲለውጥ ስላዘዘው ንጉሥ ሲያስተምሩን፣ «በማሳው መካከል ዞረ። በሬው ከቀንበሩ ወጣ» አሉ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ያው ንጉሥ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ማወጁን ነገሩንና ጠየቁን፤ «ስሕተቱን በራሱ አፍ ያወጀ ገዥ ስንት ታውቃላችሁ?» በጣታችን መቁጠር ጀምረን ተውነው። «እኔም ከእሱ ሌላ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መንግሥታት አይቻለሁ፤ ቁጥሩ አልጨመረም።

ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳሳችን ከግብፅ ሲመጣ ኖሮ፣ በ1951 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያን ከራሷ ልጆች መካከል ፓትርያርክ መሾሟን ያስተማሩን በአዋጅ አልነበረም። በዚያ ሰሞን አብረዋቸው ይቀድሱ ስለነበሩ አንድ አዛውንት ቄስ ነገሩን። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ የለመዱት በጸሎቱ የጳጳሳት ስም የሚጠራበት ተራ ተለውጦባቸው በየቅዳሴው እዚያ ቦታ ሲደርሱ ይደናቀፉ ነበር፤ ደግሞም አዲሱን ስም ከጠሩ በኋላ ያለቅሱ ነበር። «ከሐዘን ነው ወይስ ከደስታ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ጠይቄያቸዋለሁ» አሉ መሪጌታ። «‹አላውቅም፣ አፌ ነው የሚያለቅሰው› አሉኝ። ማዞሪያ ላይ መጀመሪያ የሚደናቀፈው አፍ ነው፤ ልብ ኋላ ይደርሳል።»

ስለ ሕግ ግን የሚያስተምሩት በፊደል ጀምረው ነበር። አማርኛ ሦስት ሀ አለው፤ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ድምፃቸው ዛሬ አንድ ስለሆነ ሰው እንዳሻው ያቀያይራቸዋል። መሪጌታ ሞላልኝ አያቀያይሩም፤ የሚያቀያይርንም አያልፉም። «ሕግ የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው» ይሉ ነበር። «ሐመር ምንድን ነው?»

«መርከብ» እንላለን በአንድ ድምፅ።

«ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ባሕር ሲሆን፣ ታንኳ የሌለው ምን ይሆናል?»

«ይወሰዳል።»

«እንግዲያ ሕግን ስትጽፉ ታንኳውን አትርሱ።»

ይህን ምላሽ ከክፍሉ ሁሉ አስቀድማ የምታወጣው ልጅ እኔ ነበርሁ። ይህን የምናገረው ለመመስገን አይደለም፤ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

በ1954 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲሱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ከዘመድ ተውሰው፣ ስለ ጋብቻ የሚናገረውን ክፍል በእጃቸው ገልብጠው ወደ ክፍል አመጡ። ማዞሪያ ነው አሉን። ካህናትና ዳኞች ከግዕዝ እየተረጎሙ ሲፈርዱበት የኖሩት አሮጌው ሕግ ለሴት ልጅ ጋብቻ ዐሥራ ሁለት ዓመት ይበቃታል ይላል፤ አዲሱ ዐሥራ አምስት። ሁለቱ ሕጎች እንዲሟገቱ ካሴን የአሮጌው፣ እኔን የአዲሱ ጠበቃ አድርገው አቆሙን። ሙግቱ እንደ አባቶቻችን የችሎት ወግ ነው፤ ጠያቂው «ተጠየቅ» ይላል፣ ተጠያቂው «ልጠየቅ» ብሎ ይቆማል። ሳይጠየቅ የሚፈረድበት የለም።

ካሴ ኩታውን አደግድጎ ዱላውን ወደ እኔ ቀሰረ። «ተጠየቂ።»

«ልጠየቅ።»

«አሮጌው ሕግ ስንት ዘመን ኖረ?»

«ብዙ ዘመን።»

«አዲሱስ?»

«አንድ ዓመት ከሁለት ወር።»

«ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ለሽማግሌ ምን ይመክራል?»

«ሽማግሌውም ጥርሱ ረግፏል። ሁለቱም ገንፎ ነው የሚበሉ።»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መሪጌታ ምርኩዛቸውን ከመሬት አንሥተው ጥቂት ያዝ አድርገው መለሱት፤ ገበሬ በማዞሪያው ላይ እርፉን ብድግ እንደሚያደርገው። ምስጋናቸው ይህ ብቻ ነበር፤ በዓመት ከሦስት ጊዜ በላይ ያገኘው ልጅ አልነበረም።

ካሴ መሸነፉ አናደደው። «እሺ፣ አንቺስ በጥር ልትዳሪ አይደል? ሕጉ እናንተ ቤት መንገድ ጠፋበት?»

ማንም አልሳቀም። መሪጌታ ወደ እኔ አዩ። «እውነት ነው፣ ይታይሽ?»

«እውነት ነው፣ የኔታ» አልሁ። ሙሽራው ከጉማራ ማዶ ነበር፤ አላየሁትም። ጠመኔውን በጨርቁ ጠቅልለው ወደ ጥምጥማቸው መለሱና ደወሉ ሳይደወል ለቀቁን።

በታኅሣሥ መጀመሪያ በአንድ እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያናችን ደጀ ሰላም ተቀምጠው ሳለ፣ አባቴ ታረቀኝ ሠርጉን ለሰው ይናገር ነበር። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከቅጥሩ ሥር ቆሜ ነበር። መሪጌታ እያነከሱ መጡ።

«አያ ታረቀኝ፣ የምጠይቅህ አለኝ።»

«ይጠይቁ፣ መሪጌታ። ምን ከለከለዎ?»

«በችሎት ወግ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ጉድ ነው፣ ዛሬ ደግሞ ችሎቱ እዚህ ወረደ» አለ። አባቴ ተሟጋች ነኝ የሚል ሰው ነበር፤ በችሎት ወግ ተጠርቶ መቀመጥ አይችልም። ጋቢውን አደግድጎ ተነሣ።

«ተጠየቅ» አሉ መሪጌታ።

«ልጠየቅ።»

«ይታይሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዐሥራ አምስት ሞልቷታል። አዋጁን እኔም ሰምቻለሁ፤ ጆሮ አለኝ።»

«ምሥክርህ ማን ነው?»

«ቁመቷ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ አባቴም ደስ አለው፤ የረታ መሰለው።

«ቁመቷ ይቆይ። ክርስትና የተነሣች ዕለት የክርስትና እናቷ ምን ሰጠቻት?»

«ጥጃ። ቦራን።»

«ቦራ ያን ጊዜ ስንት ወሯ ነበር?»

«የምን ወር? ሳምንት አልሞላትም። እናቷ ገና እንገር ነበር የምትታለብ።»

«ዛሬስ ቦራ ስንት ዓመቷ ነው?»

አባቴ አላሰበም፣ አላመነታም። «ዐሥራ ሁለት። ለመጪው ሐምሌ ዐሥራ ሦስት ትደፍናለች። አምስት ወልዳ ስድስተኛውን ይዛለች። የሞተባት ሁለተኛው ብቻ ነው፤ እሱም የጎርፉ ዓመት ነው፤ ጥጃው ጠንካራ ነበር፤ ውኃው ነው …»

እዚህ ላይ ቆመ። የፎገራ ሰው ስለ ልጁ ዕድሜ ሊሳሳት፣ ሊያሳስትም ይችላል፤ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ ቀኗን የሚቆጥርላት የለም። ስለ ላሙ ግን፣ ያውም ላሟን በሚያውቁ ሰዎች ፊት፣ አንድ ወር አይጨምርም፣ አንድ ወር አይቀንስም። አባቴን ያሸነፈው ሕግ አልነበረም፤ ኩራቱ ነው።

ያው ሽማግሌ ጢሙን እየዳበሰ «ታረቀኝ» አለው፤ «ላሟ ዐሥራ ሁለት ከሆነች፣ ልጅቱ በየት አቋርጣ ነው የቀደመቻት?»

የደጀ ሰላሙ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴቶቹም ሳቁ። መሪጌታ ብቻ አልሳቁም። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ «አያ ታረቀኝ አልዋሸም» አሉ። «የልጅ ልደት የምንጽፍበት መዝገብ የለንም፤ የላም ልደት ግን በየሰዉ ልብ ተጽፏል። ይህ የሁላችን ጥፋት ነው እንጂ የአንድ ሰው አይደለም።» ሽማግሌዎቹ ተማከሩ፤ ሠርጉ ሦስት ዓመት እንዲቆይ ወሰኑ፤ አባቴም በሰው ፊት «እሺ» አለ።

ምሕረቱን ግን አልሰማም። የሰማው ሳቁን ነው።

በየካቲት፣ የዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ከደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። በቤታችን ፊደል የቆጠርሁ እኔ ብቻ ነበርሁ።

«ወረቀት አምጪና ተቀመጪ። ጻፊ።»

«ለማን ነው፣ አባዬ?»

«ለመንግሥት።»

«ስለ ማን ነው?»

«ጻፊ አልሁሽ። ‹በትምህርት ቤቱ ያለው መሪጌታ ነገር ጠምዛዥ ነው› በይ።»

እጄን አቆምሁ። በላዬ ቆመ። ጻፍሁ።

«‹በልጆቻችን አፍ ሕግ እያስተማረ ከአባቶቻቸው ያጣላል። አሮጌውን ሕግ ይንቃል። ሕዝቡን በሕግ ስም ያዋርዳል።› ጻፍሽ?»

«ጻፍሁ።»

ወረቀቱን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ ማንበብ አይችልም። አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ከታች አተመበት። ከዚያ፣ ቁጣው ስለወጣለት ነው መሰለኝ፣ ለስለስ ብሎ «እጅሽ ያምራል» አለኝ። «ማን አስተማረሽ?»

ማን እንዳስተማረኝ ያውቅ ነበር። ጥያቄው ከአፉ ከወጣ በኋላ እሱም ሰማው፤ ወረቀቱን አጥፎ በእቅፉ ከተተና ወደ ከብቶቹ ሄደ።

መጋቢት 6 ቀን ደብዳቤው ተሰጣቸው። በማግሥቱ ጧት ክፍል ገቡ፤ ርእሰ መምህሩ ዕቃቸውን እንዲሰበስቡ የሰጧቸውን ቀን ማስተማሪያ አደረጉት። ሰላምታ ሰጥተውን እጃቸውን ወደ ጥምጥማቸው ሰደዱ፤ ጠመኔውን አወጡ፤ ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ጻፉ።

ህግ

በሀሌታው ሀ። ክፍሉ አጉረመረመ፤ የኔታ ሲሳሳቱ አይተን አናውቅም። ካሴ ተነሥቶ «የኔታ፣ በሐመሩ ነው» አለ፤ ከልቡ ደንግጦ ነበር።

«በሐመሩ ነው» አሉ። «ትናንት ባሳዩኝ ወረቀት ላይ ሦስት ቦታ እንዲህ ተጽፎ አየሁት። ጽሕፈቱ ከዚህ ክፍል የወጣ ነው። እጁ የጠራ ነው፤ ነጥቦቹ በቦታቸው ናቸው፤ ይህን የጻፈ ሰው ፊደል አያጣም። ታዲያ ለምን ሳተ?» መልሱን ራሳቸው ሰጡ። «ፈርቶ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚረሳው ታንኳውን ነው። በዚህ አይፈረድበትም።»

ወደ እኔ አላዩም። በዚያ ቀን አንድ ጊዜም ወደ እኔ አላዩም፤ ወደ እኔ ባለማየታቸው ነው ማወቃቸውን ያወቅሁት። ሀሌታውን በመዳፋቸው አጥፍተው በቦታው ሐመሩን ጻፉ። «ሁላችሁም ገልብጡ። ሦስት ጊዜ።» ገለበጥን። ደብተሬን ሊያዩ በአጠገቤ ሲያልፉ፣ ምርኩዛቸውን ከመሬት አነሡ፤ ጥቂት ያዝ አድርገው መለሱት። ከዚያ ወጡ። ያን ዓመት የተቀበልሁት ምስጋና ያ ሦስተኛው ነበር፤ በሕይወቴ ከተቀበልሁት የምስክር ወረቀት ሁሉ አንዱም ያን አላከለም።

አንበሳሜ ሄደው ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጠው አቤቱታ ጻፊ ሆኑ። እዚያ ያዩአቸው ሰዎች እንደነገሩኝ፣ አንድም አቤቱታ ሳይጠይቁ ጽፈው አያውቁም። «የምትከሰው ሰው ይህን ከአንተ አፍ ሰምቷል?» ይሉታል ባለጉዳዩን። አልሰማም ካለ፣ «ሂድና መጀመሪያ ጠይቀው፤ ካልመለሰልህ ና፤ እጽፍልሃለሁ።» ከሄዱት ብዙዎቹ አልተመለሱም፤ ታርቀው ቀሩ። ገበያቸውን በገዛ አፋቸው ይዘጉት ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ አባቴ ወገቡን ታሞ ወንዛዬ ወረደ። ሳምንት ቆይቶ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ራት ላይ ለእናቴ እንዲህ አላት፤ «መሪጌታን ውኃው ውስጥ አገኘኋቸው። አንድ ገንዳ ነው የገባን። እወጣለሁ ብዬ ነበር፤ ወገቤ አላስወጣኝም።»

«ምን አሉህ?» አለች እናቴ።

«ምንም። ስለ ልጅቱ ብቻ ጠየቁኝ። ስንተኛ ክፍል ደረሰች አሉኝ። ስለዚያ ነገር አንድም አላነሡ።» ደግሞም፣ «ጉልበታቸውን አሸሁላቸው። ክፉኛ ነው የደረቀ» አለ።

እናቴ ቀና ብላ አየችው።

«ትማር» አለ አባቴ። «እስከምትሰለች ትማር። አልሰለችም ካለችም ትማር።»

ሠርጉ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። የአባቴን ደግነት አላሳንስም፤ ዘግይቶ መጣ፤ ግን መጣ። እኔ የማልረሳው ግን ደግነቱን ከፍል ውኃ ውስጥ ያወጣውን ሰው ነው። የተበደለ ሰው በበዳዩ ፊት ሊጠይቅ ከሚችለው ጥያቄ ሁሉ መርጠው የጠየቁት የእኔን ክፍል ነው።

ሕግ ለመማር ወደ አዲስ አበባ ከመሄዴ በፊት አንበሳሜ ወርጄ ተሰናበትኋቸው። አጥሩ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ጥምጥማቸው ነትቧል፤ የጠመኔው ጨርቅ ግን በቦታው ነበር። ለምን እንደሚይዙት አልጠየቅሁም።

«የኔታ» አልሁ፤ በመንገድ ሁሉ ያጠናሁት ነበር፤ «አቤቱታውን የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ሦስት ቦታ ስተሻል።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ያን ዕለት ደብተርሽን አየሁት እኮ። ሦስቱንም አርመሻል፤ ዕዳ የለብሽም።» ከዚያ ከደረት ኪሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ፤ ያው ሦስት መስመር ደብዳቤ ነበር። «ይህን ያዥ። ሕግ ልትማሪ ነው አሉ።»

«ምን ላድርግበት? ወደ ሥራዎ እንዲመለሱ ልክሰስ?»

«የለም፣ ሥራውን አልፈልግም፤ ጉልበቴም አይችል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂልኝ። ‹ተመርምሮ› ይላል። ማን መረመረ? እኔን የጠየቀኝ የለም። በዚህ ሀገር ሌባ እንኳ ‹ተጠየቅ› ይባላል። ሕግ አስተምረሃል ብለው ሲፈርዱብኝ ሕጉን ራሱን ነው የነሡኝ። ተጠይቆ ነበር ወይ በያቸው። ሌላ ምንም አትጨምሪ።»

አልጨመርሁም። ለጽሕፈት ቤቱ መጀመሪያ የጻፍሁት በሕይወት ሳሉ ነው። አባቴ ከመሞቱ በፊት አቤቱታውን ማንሣቱን በሁለተኛ ወረቀት አስጽፎኝ አውራ ጣቱን አትሞበት ነበር፤ ያን አያያዝሁ። በዚያ ወረቀት ላይ ሕግ የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ይገኛል፤ ሁለቱም በሐመሩ ሐ ነው።

የመጀመሪያው መልስ «መዝገቡ አልተገኘም» የሚል ነበር። ሁለተኛው «ባለጉዳዩ በሕይወት ስለሌሉ» ይላል። ሦስተኛው «ጉዳዩ በይርጋ የታገደ ስለሆነ» ይላል። ሦስቱንም አስተምሬባቸዋለሁ፤ ተማሪዎቼ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያፈርሷቸዋል። መዝገብ ቢጠፋ ደብዳቤው በእጄ ነው። ባለጉዳዩ ቢሞቱ «በጥፋት የተሰናበተ» የሚለው ቃል ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም፤ ዛሬም በስማቸው ላይ ተጽፎ አለ። ይርጋ የሚያግደው ክስን ነው፤ እኔ አልከሰስሁም። ገንዘብ አልጠየቅሁም፤ ካሳ አልጠየቅሁም፤ ይቅርታም አልጠየቅሁም። ጠየቅሁ ብቻ።

ስለ አንድ ነገር ግን ጽሕፈት ቤቱን አላማርርም፤ የከሰሳቸውን አፍና የከሰሳቸውን እጅ እርሳቸው ራሳቸው ምረዋል። እኔ ምሕረቱን ተቀብያለሁ፤ በዚያ ምሕረት ተምሬያለሁ፣ ሠርቻለሁ፣ ኖሬያለሁ። ማዞሪያው ላይ እርፉን ብድግ ያደረገልኝ ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። የቀረው፣ እርፉን ሳያነሣ ማረሻውን የሰበረው ማን እንደሆነ ነው፤ ለእሱም የፈራሚው ስም አያስፈልገኝም። አንድ ቃል ይበቃኛል።

እንግዲህ በወጉ ቆሜ እጠይቃለሁ። መሪጌታ ሞላልኝ፣ ከመጋቢት 6 ቀን 1954 ዓ.ም. በፊት፣ ስለ ቀረበባቸው አቤቱታ ተጠርተው ተጠይቀው ነበርን? መልሱ «ተጠይቀዋል» ወይም «አልተጠየቁም» ነው። ሦስተኛ መልስ የለውም።

ተጠየቅ።